ሶለልና የዮፍታሔ ልጅ፤ በቆቦና በራያ ቆላ ስለሚከበረው የልጃገረዶች በዓል

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ቆቦ ሲደርስ፥ በምዕራብ የላስታና የግዳን ደጋ፥ በምሥራቅ ደግሞ የዞብል ተራራ እንደ ግንብ የከለሉት ሰፊ ሜዳ ይታያል። ይህም ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ግድም ከፍታ ያለው የራያ ቆላ ነው። ሕዝቡ ክርስቲያንም ሙስሊምም ሲሆን፥ በየገበያው አማርኛ፥ ትግርኛና ኦሮምኛ ይሰማል። ዋናው አዝመራ ማሽላና ጤፍ ነው፤ ዝናሙ የማይታመን ስለ ሆነም ገበሬው ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ እየመራ ማሳውን ያጠጣል። በነሐሴ ወር፥ ቆላው ለምለም በሚለብስበት ጊዜ፥ በዚህ አገር የሚከበር አንድ በዓል አለ፤ ስሙም ሶለል ይባላል።

ሶለል በካህናት የቀን መቁጠሪያ ራሱን ችሎ የተጻፈ በዓል አይደለም። ነገር ግን ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚጾመው የፍልሰታ ጾም ተፈጽሞ፥ ነሐሴ 16 ቀን የእመቤታችን ዕርገት ሲከበር፥ ልጃገረዶች ከበሮአቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ጨዋታውም እስከ ነሐሴ 21 ድረስ ይቆያል። ይኸው በዓል በላስታ አሸንድዬ፥ በዋግ ሻደይ፥ በትግራይ አሸንዳ፥ በአክሱም ዓይነ ዋሪ እየተባለ ይጠራል። ስሙ በየአገሩ ይለዋወጥ እንጂ ሥርዐቱም፥ የበዓሉም ባለቤቶች አንድ ናቸው።

ባለቤቶቹ ልጃገረዶች ናቸው። ጾሙ ሳይፈታ ገና እናቶች ለሴቶች ልጆቻቸው ቀሚስ ያሰፋሉ፤ ያላቸው ድሪውን፥ አምባሩንና አልቦውን ከሣጥን ያወጣሉ፥ የሌላቸው ከዘመድ ይዋሳሉ። ትንንሾቹ ጋሜ ይቆረጣሉ፥ ከፍ ከፍ ያሉት ሹርባ ይሠራሉ፥ ዐይናቸውን ይኳላሉ። በወገባቸውም ዙሪያ ለምለም ረዥም ሣር ያስራሉ፤ አሸንዳ የሚለው የበዓሉ ሌላ ስም ከዚሁ ሣር የመጣ ነው። በዕለቱ መጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ለእመቤታችን ይዘምራሉ፤ ከዚያ በኋላ በቡድን በቡድን ሆነው ከደጅ ወደ ደጅ ይዞራሉ፤ በመጨረሻም በሜዳ ተሰብስበው ይጨፍራሉ። ባለቤቱ እህል፥ ዳቦ ወይም ገንዘብ ይሰጣቸዋል። የሰጠውን ያወድሱታል፤ የነፈገውን ይወርፉታል። በሌላ ቀን ቢናገሩት የሚያስቈጣውን ነገር በዚያን ሰሞን በዜማ ይናገሩታል፥ የሚከለክላቸውም የለም። ጐልማሶችም በዳር ቆመው ይመለከታሉ፤ ብዙ ጋብቻ ከዚህ እይታ እንደሚጀምር ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ ከየት መጣ ተብሎ ሲጠየቅ፥ አንድ መልስ ብቻ አይገኝም። አንደኛው መልስ የእመቤታችን ዕርገት ነው፤ መላእክት በዝማሬ እንደ ተቀበሏት ደናግልም ከበሮ ይዘው ያንኑ ያስታውሳሉ ይባላል። ሁለተኛው ወደ ኖኅ ዘመን ይወስዳል፤ ርግቢቱ ለምለም ቅጠል ይዛ የውሃውን መጕደል እንዳበሠረች፥ ልጃገረዶቹም ሣሩን የሚታጠቁት የክረምቱን ማለፍ ለማብሠር ነው ይላል። ሦስተኛው በመጽሐፈ መሳፍንት 11ኛ ምዕራፍ የተጻፈውን የዮፍታሔን ልጅ ታሪክ ይጠቅሳል። ሁለቱ መልሶች ስለ ሣሩና ስለ ቀኑ ይናገራሉ፤ ሥርዐቱ ለምን የልጃገረዶች ብቻ እንደ ሆነ ግን የሚናገረው ሦስተኛው ነው። ስለዚህ በእርሱ ላይ መቈየት ይገባል።

ዮፍታሔ ገለዓዳዊ ጽኑ ኀያል ሰው ነበረ፤ ነገር ግን ከጋለሞታ ሴት የተወለደ ስለ ሆነ ወንድሞቹ ከአባቱ ርስት አባረሩት፥ እርሱም በጦብ ምድር ተቀመጠ። አሞናውያን በተነሡ ጊዜ ያባረሩት ሽማግሌዎች ራሳቸው መጥተው አለቃ አደረጉት። ወደ ጦርነትም ሲሄድ፥ በድል ቢመለስ ከቤቱ ደጅ ሊቀበለው የሚወጣውን ሁሉ ለእግዚአብሔር እንደሚያቀርብ ተሳለ። ድል አድርጎ ወደ ምጽጳ ሲመለስ ግን ከበሮ ይዛ እየዘፈነች የተቀበለችው አንዲት ልጁ ነበረች። አባት ልብሱን ቀደደ። ልጂቱም ስለቱን እንዲፈጽም ፈቀደች፤ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ከባልንጀሮቿ ጋር በተራራ ላይ ስለ ድንግልናዋ የምታለቅስበት ሁለት ወር። ሁለቱ ወር በተፈጸመ ጊዜ እንደ ተሳለው አደረገባት። ከዚያ በኋላ የእስራኤል ሴቶች ልጆች በየዓመቱ 4 ቀን እርስዋን እንዲያስቡ ሥርዐት ሆነ ይላል መጽሐፉ።

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ነገር መመልከት ያስፈልጋል። በዕብራይስጡ መጽሐፍ፥ ልጃገረዶቹ በእነዚያ 4 ቀኖች ምን ያደርጉ እንደ ነበር የሚናገረው ግስ ሁለት ፍቺ ሊሰጠው ይችላል፤ ማልቀስ ተብሎም ሊተረጐም ይችላል፥ መተረክና በዜማ ማውሳት ተብሎም ሊተረጐም ይችላል። ይኸው ግስ በዚሁ መጽሐፍ በ5ኛው ምዕራፍ በዲቦራ መዝሙር ውስጥ ሲገኝ የእግዚአብሔርን ጽድቅ ማውራት ማለት ነው እንጂ ልቅሶ አይደለም። የግሪክ ተርጓሚዎች ልቅሶ የሚለውን መረጡ። የግእዙም ኦሪት ከግሪኩ የተተረጐመ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ሥርዐት ንጹሕ ልቅሶ ነበረ፥ የራያ ልጃገረዶች ግን ወደ ደስታ ለወጡት ብሎ መደምደም መቸኰል ይሆናል። በራያም ሆነ በሌላው ያገራችን ክፍል ሙሾ የምታወርድ ሴት ታለቅሳለች፥ ትተርካለችም፤ አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል።

የአይሁድ ሊቃውንት ይህን ታሪክ በቀላሉ አልተቀበሉትም። ከጥንቱ የትርጓሜ መጻሕፍታቸው አንዱ ወገን ጥፋቱን በሁለት ሰዎች ላይ ይጥላል። በሕጉ መሠረት ስለቱ ሊፈታ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ሊቀ ካህናቱ ፊንሐስ እኔ የሊቀ ካህናት ልጅ ስሆን ወደዚህ መሃይም እሄዳለሁን አለ፥ ዮፍታሔም እኔ የእስራኤል አለቃ ስሆን ወደ እርሱ እሄዳለሁን አለ፤ በሁለቱ ኩራት መካከል ልጂቱ ጠፋች ይላሉ። በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት የነበረው ዳዊት ቂምሒ ደግሞ ልጂቱ አልተሠዋችም፥ ከሰው ተለይታ በብሕትውና እንድትኖር ተደረገች ሲል ተረጐመ። በመጽሐፍ ቅዱስ ስሟ አልተጻፈም፤ በመጀመሪያው መቶ ዓመት ግድም እንደ ተጻፈ በሚገመት አንድ የአይሁድ መጽሐፍ ግን ሴይላ ተብላለች። በድምፅ መመሳሰል ተስቦ ሴይላን ከሶለል ጋር ለማገናኘት የሚቃጣ ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ይህ መጽሐፍ ተጠብቆ የኖረው በላቲን ቋንቋ ብቻ ስለ ሆነ፥ እንዲህ ያለው ግምት መሠረት የለውም፤ ስሞችን በጆሮ ብቻ ማዛመድ በአገራችን የታሪክ ጽሑፍ ውስጥ ብዙ ስሕተት ያስከተለ ልማድ ነው።

መታሰቢያው በእስራኤል አገር ለምን ያህል ዘመን እንደ ቈየ ከሚያሳዩት ምስክሮች አንዱ፥ በ4ኛው መቶ ዓመት በቆጵሮስ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው፥ በሃይማኖተ አበው ስሙ የታወቀው ኤጲፋንዮስ ነው። እርሱ ራሱ በፍልስጥኤም የተወለደ ሲሆን፥ በሰማርያ አገር የዮፍታሔን ልጅ እንደ አምላክ ቈጥረው በየዓመቱ በዓል የሚያደርጉላት ሰዎች በዘመኑ እንደ ነበሩ ጽፏል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ይህን የጻፈበት ቦታ ነው። ኤጲፋንዮስ የዮፍታሔን ልጅ ያነሣው፥ ለእመቤታችን ከመጠን ያለፈ ክብር ይሰጣሉ ያላቸውን ሴቶች በሚገሥጽበት ክፍል ነው። ስለዚህ የዮፍታሔ ልጅና ድንግል ማርያም ከ1,600 ዓመት በፊት በአንድ ገጽ ላይ ተገናኝተዋል፤ እርሱ ያገናኛቸው ግን ለተግሣጽ ነበር። በራያ ሁለቱ የተገናኙት ለምስጋና ነው።

ሌላው ከሶለል ጋር የሚነጻጸር የአይሁድ በዓል አብ በሚባለው ወር በ15ኛው ቀን የሚውለው ነው። የአይሁድ ወር በጨረቃ ስለሚቈጠር ቀኑ በእኛ አቈጣጠር ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ይዘዋወራል። በ200 ዓ. ም. ግድም የተሰበሰበው ሚሽና እንደሚለው፥ በዚያን ቀን የኢየሩሳሌም ልጃገረዶች ነጭ ልብስ ለብሰው ወጥተው በወይን ቦታ ይጨፍሩ ነበር፤ ጐልማሶችንም ዐይናቸውን አንሥተው እንዲመርጡ በዜማ ይጠሯቸው ነበር። ልብሱም የተዋሱት መሆን ነበረበት፤ ይኸውም የሌላት ልጅ እንዳታፍር ነው። ይህን ሥርዐት ያነበበ ሰው የቆቦን ሜዳ ቢያስታውስ አይፈረድበትም። የአይሁድ መምህራንም ስለዚህ ቀን ምክንያት ሲጠየቁ መልሳቸው ብዙ ነው፤ አንዱ ነገዶች እርስ በርስ እንዲጋቡ የተፈቀደበት ቀን ነው ይላል፥ አንዱ ለብንያም ነገድ ሚስት መስጠት የተፈቀደበት ነው ይላል፥ ሌላው ለመሠዊያው እንጨት መቍረጥ የሚያበቃበት ነው ይላል። ምክንያቱ ሲበዛ ሥርዐቱ ከምክንያቱ ሳይቀድም አይቀርም። ስለ ሶለልም የሚሰጡት ሦስቱ መልሶች በዚሁ ዐይን ቢታዩ ይሻላል።

ይሁንና መመሳሰል ሁሉ ውርስ አይደለም። በ1956 እ. ኤ. አ. ኤድዋርድ ኡለንዶርፍ በኢትዮጵያ ክርስትና ውስጥ ስለሚገኙት የዕብራውያን ልማዶች በጻፈው ጥናት፥ ብዙዎቹን ከጥንት የአይሁድ ተጽዕኖ የመጡ አድርጎ አቀረባቸው። ማክሲም ሮዲንሶን ደግሞ በ1964 እ. ኤ. አ. ተቃወመው፤ ክርስቲያኖች ብሉይ ኪዳንን እያነበቡ ራሳቸው ሊመስሉት እንደሚችሉ አሳየ። በሶለል ነገር የሮዲንሶን አሳብ ይበረታል። ምክንያቱም መጽሐፈ መሳፍንት በግእዝ በክርስቲያኖችም በቤተ እስራኤልም ዘንድ ይነበብ ነበር፤ ሚሽናና ታልሙድ ግን የቤተ እስራኤል ካህናት እንኳ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ አያውቋቸውም ነበር። ስለዚህ በአብ ወር ያለው የኢየሩሳሌም ጭፈራ ወደ ራያ መጣ ማለት አይቻልም። የዮፍታሔ ልጅ ታሪክ ግን በየደብሩ በብራና ላይ ነበረ። ቄሱ ያነበበውን፥ ልጃገረዶቹም ከእናቶቻቸው የወረሱትን አንድ ላይ ቢያስተያይ፥ ይህ ያ ነው ለማለት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

በዛሬው ዘመን ኢየሱስን መሲሕ ነው ብለው የሚቀበሉ አይሁድ፥ የኦሪት በዓላትን ሳይተዉ በመሲሑ መምጣት ይተረጕሟቸዋል፤ ፋሲካውን ስለ በጉ፥ የሰባቱን ሳምንታት በዓል ስለ መንፈስ ቅዱስ መውረድ ያከብሩታል። ይህ መንገድ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። የኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ስለ ቀዳሚት ሰንበት ብዙ ዘመን ከተሰደዱ በኋላ፥ በ1450 እ. ኤ. አ. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሁለቱም ሰንበቶች እንዲከበሩ ሲያስወስኑ፥ የአይሁድ ቀን የክርስቲያን ቀን ሆነ። እኒሁ ንጉሥ 33ቱን የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ ማዘዛቸውም ይታወቃል። በነሐሴ 16 ላይ የማርያም ክብር በሕዝቡ ልብ እንዲጠነክር ይህ ትእዛዝ ድርሻ እንዳለው መገመት ይቻላል።

በመሲሑ ለሚያምነው የራያ ክርስቲያን የዮፍታሔ ልጅ ቀን ምን ማለት ነው? በመጀመሪያ፥ ልቅሶውና ደስታው ተከፋፍለዋል። ሁለቱ ሳምንት የፍልሰታ ጾም የልቅሶው ድርሻ ነው፤ ሐዋርያት የእመቤታችን ሥጋ የደረሰበትን ለማየት የጾሙት ጾም ነውና። ከበሮውም በእነዚያ ቀኖች ዝም ይላል። ነሐሴ 16 ሲደርስ ግን መቃብር ሊይዛት ያልቻለው ድንግል ዕርገት ይበሠራል። ስለዚህ በመሳፍንት መጽሐፍ በሞት የተፈጸመው የድንግል ታሪክ፥ እዚህ በሕይወት የተፈጸመ ሌላ የድንግል ታሪክ ተከትሎት ይነበባል። ሁለተኛም፥ ያለ በደሏ በአባቷ እጅ ስለ ሌሎች ድል የቀረበችው አንዲት ልጅ የመሲሑ ምሳሌ ተደርጋ ታስባለች። ይህ ትርጓሜ ጥንታዊ ነው፤ በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያረፈው የኦሊምጶሱ ሜቶድዮስ ስለ ድንግልና በጻፈው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የዮፍታሔን ልጅ የጌታ ሥጋ ምሳሌ አድርጎ አመስግኗታል። ዮሐንስ አፈ ወርቅ ግን ጠንከር ያለ ነገር ይናገራል፤ እግዚአብሔር ስለቱ እንዲፈጸም ዝም ያለው ከዚያ በኋላ ማንም እንዲህ ያለ ስለት እንዳይሳል ለማስፈራት ነው ይላል። ስለት በየታቦቱ ደጅ በሚገባበት አገር ይህ የአፈ ወርቅ ቃል ቢነበብ ጥቅም አለው።

ከካህናቱ መካከል የሶለልን ጭፈራ እንደ ዓለማዊ ጨዋታ የሚቈጥሩ አሉ፤ ዕርገቱ የቤተ ክርስቲያን ነው፥ ዘፈኑ ግን የሜዳ ነው ይላሉ። ይህ ንግግር ከፊል እውነት አለው። ነገር ግን መጽሐፉን አስተውሎ ያነበበ፥ የ4ቱን ቀን ሥርዐት ካህን እንዳልደነገገው ያያል። አባትየው አላዘዘውም፤ ፊንሐስም አልባረከውም። ያቆሙት ባልንጀሮቿ ናቸው። በቆቦም ሶለልን የሚያቆመው የሴቶች ጉባኤ ነው፤ ዜማውን የምታስተምር አሮጊት፥ ቀሚሱን የምታሰፋ እናት፥ ከበሮውን የምትመታ ልጅ። በ1992 ዓ. ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት እስካደረገበት ጊዜና ከዚያም ወዲህ፥ በብዙ ባላገር ልጃገረድ ሳትጠየቅ የምትዳርበት ልማድ ቈይቷል። ዮፍታሔ ስለ ልጁ ሲሳል ልጁን እንዳልጠየቀ ማለት ነው። ልጃገረዶች ያለ ከልካይ የሚናገሩባቸው ስድስት ቀኖች ምን ያህል ዋጋ እንዳላቸው ከዚህ ይታወቃል።

የመሳፍንት መጽሐፍ የመታሰቢያውን ነገር ከጨረሰ በኋላ፥ ወዲያው በ12ኛው ምዕራፍ በገለዓድና በኤፍሬም መካከል ስለ ሆነው የወንድማማቾች ጦርነት ይተርካል። የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው፥ የሚሻገረውን ሁሉ ሺቦሌት በል ይሉት ነበር፤ ሲቦሌት ያለውን ያርዱታል። በአንድ ፊደል የሞቱት 42,000 ናቸው ይላል። ይህን ክፍል ለሶለል የሚጠቅሰው የለም፤ ሆኖም ከዮፍታሔ ልጅ ታሪክ የሚለየው አንድ የምዕራፍ ቍጥር ብቻ ነው።

በ2013 ዓ. ም. ሐምሌ ውስጥ ቆቦ በትግራይ ኀይሎች እጅ ገባች፤ የዚያ ዓመት ሶለል በጦርነት ውስጥ ዋለ። ከበዓሉ ቀን በኋላም ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፥ ከጳጉሜን 4 ቀን ጀምሮ በከተማዪቱ ያልታጠቁ ሰዎች መገደላቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ. ም. ባወጣው ዘገባ ገልጧል። በ2014 ዓ. ም. ደግሞ ለጥቂት ወራት ጋብ ብሎ የነበረው ውጊያ በቆቦ አካባቢ ዳግመኛ የተነሣው ነሐሴ 18 ቀን፥ በሶለል ሦስተኛ ዕለት ነው፤ ነሐሴ 21 ቀን፥ በዓሉ በሚፈጸምበት ዕለት፥ መንግሥት ሠራዊቱ ከከተማው መውጣቱን አስታወቀ። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው በተከታዩ ዓመት ጥቅምት 23 ቀን ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ. ም. ግን በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፥ ነሐሴ 16ም በአዋጁ ውስጥ ዋለ። ከዞብል ተራራ ሥር ሦስት ሶለሎች እንዲህ ተከታትለው አለፉ።

ከቆቦ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ዋጃን አልፎ አላማጣ ይደርሳል። በዚያም ነሐሴ 16 ቀን ልጃገረዶች ይኳላሉ፥ ሹርባ ይሠራሉ፥ ሣሩን ይታጠቃሉ፥ ከበሮ ይዘው ከደጅ ወደ ደጅ ይዞራሉ። በዓሉን ግን አሸንዳ ይሉታል።